ሲፋፕ፦ በኮሮና ጊዜ ለአሜሪካ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች ስለተከፈለው ድጎማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ለምሳሌ የምንጠቅሰው በነብራስካ ግዛት የሚገኘውን ቼሪ ካውንቲን ነው።

ሲፋፕ የሚባለው ምንድን ነው?

በ2020 ኮሮና ገበያቸውን ላበላሸባቸው ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በቀጥታ የከፈለው ገንዘብ ነው። ሙሉ ስሙ የኮሮናቫይረስ የምግብ ድጋፍ ፕሮግራም ሲሆን፣ ገበሬው በምህጻሩ «ሲፋፕ» ይለዋል። የያኔው ሚኒስትር ሶኒ ፐርዱ ኤፕሪል 17 ቀን 2020 ሲያስታውቁት 16 ቢሊዮን ዶላሩ ለቀጥታ ክፍያ፣ 3 ቢሊዮኑ ደግሞ ምግብ እየተገዛ በካርቶን ለችግረኞች እንዲታደል ነበር የተመደበው። ከ16ቱ ቢሊዮን 9.5ቱ የተገኘው ማርች 27 ከተፈረመው ኬርስ አክት ከሚባለው ሕግ ነው። የቀረው ሚኒስቴሩ የሰብል ዋጋ ለመደገፍ ከሚጠቀምበት፣ ኮሞዲቲ ክሬዲት ኮርፖሬሽን ከሚባለው ካዝና ወጣ።

ክፍያው ሁለት ዙር ነበረው። የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ ከሜይ 26 እስከ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2020 ተቀባይነት ነበረው። ሁለተኛው ሴፕቴምበር 21 ተከፍቶ ዲሴምበር 11 ተዘጋ፤ የባይደን አስተዳደር ከመጣ በኋላ ኤፕሪል 5 ቀን 2021 እንደገና ተከፍቶ ኦክቶበር 12 ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ። ሁለቱ ዙሮች ተደምረው ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶባቸዋል።

አሁን ማመልከት ይቻላል?

አይቻልም። ከሲፋፕ በኋላም በወረርሽኙ ስም የመጣ ሌላ ፕሮግራም ነበር፤ በ2020 ያስገቡት ጠቅላላ ገቢ ከ2018 ወይም ከ2019 ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶና ከዚያ በላይ ለወረደባቸው አምራቾች የተዘጋጀ ነው። እሱም ከጃንዋሪ 23 እስከ ጁላይ 14 ቀን 2023 ተመዝግቦ አለቀ። ዛሬ ስልክ ደውሎ «የኮቪድ የእርሻ ገንዘብ ላውጣልዎት፣ ለማመልከቻው ይህን ያህል ይክፈሉ» የሚል ሰው ካለ አታላይ ነው። ማመልከቻውን የሚቀበለው በየካውንቲው ያለው የግብርና ሚኒስቴር ቢሮ፣ በሩ ክፍት በነበረበት ዘመንም ቢሆን፣ ለሲፋፕ ማመልከቻ ገንዘብ አላስከፈለም።

ኮሮና ከብት አልገደለም። ታዲያ ካሳው ለምን አስፈለገ?

ከብቱ ደህና ነበር፤ የተሰበረው ከግጦሹ እስከ ሳህኑ ያለው መንገድ ነው። በማርች 2020 ምግብ ቤት፣ ሆቴልና ትምህርት ቤት ሲዘጋ እነሱ ይገዙት የነበረው ሥጋ፣ ወተትና ድንች ፈላጊ አጣ። ኤፕሪል ላይ ደግሞ በሽታው ቄራዎቹ ውስጥ ገባ። ሠራተኛው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ በብርድ ክፍል የሚበልትበት ሥራ ስለሆነ እንደ ሰደድ እሳት ነው የተዛመተው። ሲዩ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ ያለው የስሚዝፊልድ የአሳማ ቄራ ወደ 3,700 ሠራተኞች ነበሩት፤ በኤፕሪል አጋማሽ ተዘጋ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ስለዚያ ቄራ ባወጣው ማስታወሻ በሠራተኞቹ ዘንድ በብዛት ከሚነገሩት አሥር ቋንቋዎች መካከል አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ተጠቅሰዋል። ይህ ገጽ በአማርኛ መጻፉ ያለምክንያት አይደለም።

ቄራ ሲዘጋ ወይም በግማሽ ጉልበት ሲሠራ የደለበው ከብት መሄጃ ያጣል። የደለበ ሰንጋ ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ውስጥ አይከተትም፤ በየቀኑ ይበላል፣ በየቀኑም ይከብዳል። በአሜሪካ ከሚታረደው የደለበ ከብት 85 በመቶ ያህሉ በአራት ኩባንያዎች እጅ ነው የሚያልፈው፤ እነሱ በራቸውን ሲያጠብቡ አርቢው ሌላ በር የለውም። በሜይ 2020 የተበለተ ሥጋ ዋጋ ሰማይ ሲነካ የቁም ከብት ዋጋ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ገዢውም ሻጩም ተጎድተው መካከል ላይ ያለው ልዩነት ሰፋ። ሲፋፕ ያንን ልዩነት አልመረመረም፤ ከታች ላለው አርቢ ገንዘብ ሰጥቶ አለፈ።

ብድር ነው ወይስ ስጦታ?

ስጦታ ነው፤ አይመለስም። የሚመለሰው ያልተገባ ክፍያ ተወስዶ ከተገኘ ብቻ ነው፤ ወደ መጨረሻው ላይ እንመለስበታለን።

ማን ነበር ማመልከት የሚችለው? ግሪን ካርድ ያለውስ?

ዜጋም ሆነ ግሪን ካርድ ያለው ቋሚ ነዋሪ ይችል ነበር፤ የቤተሰብ ኩባንያና የሽርክና እርሻም እንዲሁ። ዋናው ጥያቄ ዜግነት ሳይሆን ከብቱ ወይም ሰብሉ የማን ነው የሚለው ነበር፤ ዋጋ ሲወርድ የሚከስረው ሰው መሆን ያስፈልጋል። መሬቱን በጥሬ ገንዘብ ያከራየ ባለርስት አይገባውም፤ የተከራየው ያገኛል። እኩል ወይም ሲሶ አራሾች ግን እያንዳንዳቸው በድርሻቸው ያመለክታሉ።

የገቢ ገደብም ነበረው። የ2016፣ 2017 እና 2018 አማካይ የተስተካከለ ገቢው ከ900,000 ዶላር የሚበልጥ ሰው አይገባውም፤ ከገቢው 75 በመቶው ወይም ከዚያ በላይ ከእርሻ፣ ከከብት ወይም ከደን የመጣ ከሆነ ግን ገደቡ ይነሳለታል። ሐኪም ሆኖ በጎን ሃምሳ ላም ያለው ሀብታም ሊቀር፣ ከእሱ የሚልቅ ባለጸጋ አርቢ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ለከብት ስንት ይከፈል ነበር? በምሳሌ ብታሳዩን።

ቼሪ ካውንቲን እንውሰድ። ከኮኔቲከት ግዛት የሚሰፋ ካውንቲ ሆኖ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 5,500 ሰው እንኳ አልሞላም፤ በ2017 የግብርና ቆጠራ ግን ከ160 ሺህ በላይ የሥጋ ላሞች ነበሩት፣ በአገሪቱ ካሉ ካውንቲዎች ሁሉ አንደኛ። ሳንድሂልስ የሚባለው ሣር የለበሰ የአሸዋ ኮረብታ ለእርሻ አይሆንም፤ ላም ግን ያኖራል። የአብዛኛው አርቢ አሠራር በጸደይ ማስወለድ፣ በጋውን ማስጋጥ፣ በመኸር ጥጃውን መሸጥ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ሒሳብ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 ለተሸጠ ከብት ነው፤ ከ600 ፓውንድ በታች ለሆነ ጥጃ 102 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ወይፈንና ጊደር 139፣ ለደለበ ሰንጋ 214፣ ለእርድ ለወጣች አሮጌ ላም 92። ሁለተኛው ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 ባለው ጊዜ በእጅ ለነበረ ከብት ነው፤ ዓይነቱ ምንም ይሁን በራስ 33 ዶላር። ሁለተኛው ዙር ከኤፕሪል 16 እስከ ኦገስት 31 በእጅ ለነበረው በራስ 55 ዶላር ከፈለ፤ ግን ለእርባታ የሚቀመጡ ላሞችንና ኮርማዎችን ከቆጠራው አወጣ።

እንግዲህ 300 ላም፣ 15 ኮርማና በዚያው ጸደይ የተወለዱ 270 ጥጆች ያሉት አርቢ አለ እንበል። በመጀመሪያው ዙር የሸጠው የለም፤ በእጁ ያሉት 585 ራስ በ33 ሲባዙ 19,305 ዶላር። በሁለተኛው ዙር የሚቆጠሩት ጥጆቹ ብቻ ናቸው፤ 270 በ55 ሲባዛ 14,850። በ2021 ደግሞ ኮንግረስ በዲሴምበር 2020 ባጸደቀው ሕግ መሠረት ቀደም ሲል ላመለከቱት ከብት አርቢዎች ጭማሪ መጣ፤ ለትንንሽ ጥጆች በራስ 7 ዶላር፣ ለላምና ለኮርማ 17.25። ይህም 7,323.75 ይሆንለታል። ድምሩ 41,478.75 ዶላር ነው። ለዚህ ጭማሪ አዲስ ማመልከቻ አላስፈለገም፤ በ2021 ጸደይ ባንካቸው ውስጥ ያላሰቡት ገንዘብ አግኝተው ግራ የተጋቡ ሰዎች የነበሩት ለዚያ ነው።

ከጎረቤቴ ጋር እኩል ላሞች አሉን። እሱ ከእኔ በብዙ ሺህ ዶላር የበለጠ ያገኘው እንዴት ነው?

በሽያጭ ቀን። ከላይ ያለው አርቢ ጎረቤት በመኸር 2019 ጥጆቹን ሳይሸጥ ክረምቱን በድርቆሽ አሳልፎ ፌብሩዋሪ 2020 ላይ 270ውን ሸጠ እንበል፤ ሚዛናቸው ከ600 ፓውንድ በታች ነው። በ102 ሲባዛ 27,540 ዶላር ይጨመርለታል። ቀሪው መንጋው እኩል ስለሆነ የ33ቱም የ55ቱም ክፍያ ለሁለቱም አንድ ነው። አንድ ሣር፣ አንድ ገበያ፣ አንድ አጥር የሚጋሩ ሰዎች በአንድ ቀጠሮ ተለያዩ።

ቅሬታው በሳንድሂልስ ብቻ የቀረ አልነበረም። ገበያው ሲወድቅ ሳይሸጥ የጠበቀ ሰውም ከስሯል፤ የበጋው ዋጋ አልተነሳለትም። መንግሥቱ ግን ለእሱ 33 ዶላር፣ ለሸጠው ከሦስት እጥፍ በላይ ሰጠ። ኤፕሪል 14 እና ኤፕሪል 16 የሸጡ ሁለት አርቢዎችን ልዩነት ለማስረዳት የሞከረ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። የጭማሪው 17.25 ያንን ቂም በመጠኑ ለማብረድ የመጣ ይመስለኛል፤ ዘግይቶ መጣ እንጂ።

ጤፍ ለዘራ ገበሬ ተከፍሎት ነበር?

አዎን፣ በሁለተኛው ዙር። ጤፍ በስም ተዘርዝሮ በኤከር 15 ዶላር ከሚከፈልባቸው ሰብሎች ጋር ገብቷል፤ ከሩዝ፣ ከሰሊጥ፣ ከአጃና ከኪንዋ ጋር። በ2021ዱ ጭማሪ 20 ዶላር ታክሎ በኤከር 35 ሆነ። ኤከር ከግማሽ ሄክታር ያንሳል፤ 0.4 ብሎ መያዝ ይበቃል። በሌላ በኩል ከአልፋልፋ በቀር ድርቆሽና ለግጦሽ የተዘራ ሰብል አልተካተተም።

ለጓሮ አትክልት አምራቾች ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የቀለለ ነበር። የ2019 ሽያጭ ተይዞ በመቶኛ ነው የተሰላው፤ እስከ 49,999 ዶላር ድረስ ላለው ሽያጭ 10.6 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ። 20,000 ዶላር ጎመንና ቃሪያ የሸጠ ሰው 2,120 ዶላር ያገኛል።

በአንድ ሰው የተቀመጠ ጣሪያ ነበረው? ትልልቆቹ እንዴት ሚሊዮን ቀረብ አገኙ?

ጣሪያው በአንድ ሰው በአንድ ዙር 250,000 ዶላር ነው። ኩባንያ ከሆነና እያንዳንዳቸው ቢያንስ 400 ሰዓት ጉልበት ወይም አመራር የሰጡ ባለድርሻዎች ካሉት ግን ለሁለት ባለድርሻ 500,000፣ ለሦስት 750,000 ይደርሳል። ጣሪያው ለየዙሩ ለየብቻ ስለሚቆጠር ሁለቱንም የሞላ የሦስት ሰው ኩባንያ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሊወስድ ይችል ነበር፤ ሕጉን ሳይጥስ።

ክፍያው በራስና በኤከር እስከተቆጠረ ድረስ ብዙ ያለው ብዙ ማግኘቱ አይቀርም። ማን ይበልጥ ተቸገረ የሚለው ጥያቄ ማመልከቻው ላይ አልነበረም። ፍጥነት ተፈልጎ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ በሜይ ተመዝግቦ በጁን የተከፈለው ብዙ ስለሆነ ሐሰት አይደለም። ለፍጥነቱ የተከፈለው ዋጋ ግን ይኼ ነው።

ግብር ይከፈልበታል?

ይከፈልበታል። ወረቀቱ 1099-ጂ የሚባለው ነው፤ በተቀበሉበት ዓመት የእርሻ ገቢ በሚሞላበት ስኬጁል ኤፍ ላይ ይገባል። ለቤተሰቡ ከመጣው የ1,200 ዶላር ቼክ ጋር ያምታቱት ብዙዎች ናቸው፤ ያኛው ግብር የለበትም፣ ይኼኛው አለበት።

ፒፒፒ የወሰደ ሰው ሲፋፕም መውሰድ ይችል ነበር?

ይችል ነበር፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ፒፒፒ የሚባለው በወረርሽኙ ጊዜ አነስተኛ ድርጅቶች ለደመወዝና ለመሰል ወጪ የወሰዱት፣ መንግሥት ዋስ የሆነበትና ሁኔታውን ላሟላ የሚሰረዝ ብድር ነው። ሠራተኛ የሌለው ገበሬ መጀመሪያ ላይ ፒፒፒ የሚሰላለት ከስኬጁል ኤፍ የተጣራ ትርፍ ነበር፤ በወረቀት ላይ ኪሳራ የሚያሳይ ደግሞ ምንም አያገኝም። በዲሴምበር 2020 ሕጉ ተሻሽሎ ጠቅላላ ገቢ እንዲያዝ ሲፈቀድ 100,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሸጠ ብቸኛ ገበሬ እስከ 20,833 ዶላር ማግኘት ቻለ።

ዶሮ ወይም አሳማ ለኩባንያ በኮንትራት የሚያረባስ?

ሲፋፕ ሲጀመር አልቆጠረውም። ዶሮው የኩባንያው ነው፤ ገበሬው ቤቱንና ጉልበቱን ነው የሚያከራየው። የዋጋ ስጋት የለብህም ተባለ፤ ኩባንያው ጫጩት ማምጣቱን ሲያዘገይ የባንክ ዕዳው ግን አልዘገየለትም። የዲሴምበር 2020ው ሕግ ይህን አስተካክሎ ካጡት ገቢ እስከ 80 በመቶ እንዲከፈላቸው አደረገ። ቄራ ጠፍቶ እንስሶቻቸውን ገድለው ለቀበሩም በ2021 ሌላ ፕሮግራም መጣ፤ በዚያም ቢሆን የክፍያው መነሻ የእንስሳው የገበያ ዋጋ 80 በመቶ ነበር።

እኔ ገበሬ አይደለሁም፣ ቄራ ውስጥ ነው የምሠራው። ለእኛ የመጣ ነገር ነበር?

ከሲፋፕ አንድ ሳንቲም አልመጣም። ቄራ ሲታመም ለከብቱ የተከፈለ፣ ለታመመው ሰው ያልተከፈለ ገንዘብ ነው። ዘግይቶ፣ በሴፕቴምበር 2021፣ ሚኒስቴሩ ለእርሻ፣ ለቄራና ለግሮሰሪ ሠራተኞች የሚሆን ሌላ ዕርዳታ አስታወቀ፤ ለአንድ ሰው 600 ዶላር፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ገንዘቡን ያከፋፈሉት በየአካባቢው የተመረጡ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው፤ ብዙ ሰው ጋ ሲደርስ 2023 ገብቶ ነበር። ስድስት መቶ ዶላር ስንት ጥጃ እንደሆነ ከላይ ባለው ሒሳብ ማስላት ይቻላል፤ ያኔ ለተሸጡ ስድስት ጥጆች እንኳ አይሞላም።

ጎረቤት የወሰደውን መጠን ማየት ይቻላል? የእኔንስ ሰው ያየዋል?

ሁለቱም ይቻላል። ሚኒስቴሩ የክፍያ መዝገቡን ይፋ ያደርጋል፤ እንቫይሮንመንታል ዎርኪንግ ግሩፕ የሚባለው ድርጅት ደግሞ በካውንቲ ከፋፍሎ በስም የሚፈለግ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የ2008ቱ የእርሻ ሕግ ገበሬው ለቢሮው የሰጠውን የማሳና የአሠራር ዝርዝር ይጠብቅለታል፤ የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን መጠን ግን አይሸፍንም። አምስት ሺህ ሰው ባለበት ካውንቲ ይህ መረጃ ቡና ላይ መቅረቡ አይቀርም። ሲያነቡት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በኩባንያ ስም የገባው ክፍያ የሦስት ወንድማማቾች ሊሆን ይችላል፣ በሁለት ስም የገባው ደግሞ የአንድ ቤት።

ጥቁር ገበሬዎች አልደረሳቸውም ይባላል። እውነት ነው?

ጥቂት ደረሳቸው፤ በጣም ጥቂት። የያኔው የግብርና ሚኒስትር ቶም ቪልሳክ በማርች 2021 ለጥቁር ገበሬዎች የደረሰው ከጠቅላላው 0.1 በመቶ ብቻ ነው ብለው በይፋ ተናግረዋል። በቆዳ ቀለም የሚከለክል አንቀጽ አልነበረም። ነገር ግን በብዛት የሚሰላ ክፍያ ለአነስተኛ እርሻ አነስተኛ ነው፤ ከአያት የወረሱት መሬት ላይ ስማቸው ያልተጻፈ ቤተሰቦችም ወረቀት ይጎድላቸዋል። ከቢሮው ጋር ያለው የቆየ ቂምም አለ፤ አንዴ ተዋርዶ የወጣ ሰው ልጁን ወደዚያ በር አይልክም።

በማርች 2021 ኮንግረስ ለጥቁርና ለሌሎች የተገለሉ ገበሬዎች ዕዳ መክፈያ 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል መደበ። ነጭ ገበሬዎች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቶች በጁን አገዱት፤ ሕጉም በኦገስት 2022 ተሻረ። በምትኩ ቀለም ሳይጠቅስ በሚኒስቴሩ ብድር አሰጣጥ አድልዎ ለደረሰበት ሁሉ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ተመደበ፤ በጁላይ 2024 ወደ 2 ቢሊዮን የሚሆነው ለ43,000 ያህል ሰዎች ተከፈለ።

ኦዲት ቢመጣብኝ ምን ይጠየቃል? ገንዘቡን የማስመለስ መብትስ አላቸው?

ማመልከቻው ኤዲ-3114 የሚባል ቅጽ ነበር፤ ገበሬው የከብቱን ብዛት በራሱ ቃል ሞልቶ ይፈርማል። ቢሮዎቹ ለባለጉዳይ ዝግ ስለነበሩ ብዙው ሥራ በስልክና በኢሜይል አለቀ። ማስረጃ አያይዝ አልተባለም፤ ኋላ ሲመረጥ እንዲያቀርብ ነው የተባለው። ስለዚህ የሽያጭ ደረሰኝ፣ የሐኪምና የክትባት መዝገብ፣ ለባንክ የቀረበ የመንጋ ቆጠራ፣ የጥጃ መውለጃ ደብተር ይጠየቃሉ። መዝገቡ ቢያንስ ለሦስት ዓመት እንዲቀመጥ ነበር ግዴታው። በኪስ ደብተር ላይ በእርሳስ የተጻፈ የጥጃ ቁጥር በየዕለቱ የተጻፈ መሆኑ ከታየ ዋጋ አለው፤ የኦዲቱ ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ በአንድ ብዕር የተሞላ ሠንጠረዥ ግን ያስታውቃል።

ማስረጃው ካልቀረበ ወይም ቁጥሩ ካልገጠመ ትርፉ ከወለድ ጋር ይመለሳል፤ ሆን ተብሎ የተዋሸ ከሆነ በወንጀል ያስከስሳል። ውሳኔው ስህተት ነው የሚል ሰው የውሳኔው ደብዳቤ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለካውንቲው ኮሚቴ፣ ከዚያ ለግዛቱ፣ ከዚያም ናሽናል አፒልስ ዲቪዥን ለሚባለው ገለልተኛ ክፍል ይግባኝ ይላል። የካውንቲው ኮሚቴ አባላት ገበሬዎቹ ራሳቸው ለሦስት ዓመት የሚመርጧቸው ጎረቤቶች ናቸው። ይህ ለአንዳንዱ እፎይታ፣ ለአንዳንዱ ፈተና ነው። አጥር ላይ ተጣልተው የማያውቁ ጎረቤታሞች ብርቅ ናቸውና፣ ቂም አለ ብለው ከሰጉ ይግባኙን በቀጥታ ወደ ናሽናል አፒልስ ዲቪዥን ለመውሰድ ይቻል እንደሆነ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የይግባኝ መብት ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡት።